የሚጥል በሽታ፣ ጭንቀትና የመድኃኒቱ ጣጣ፦ ተረትና እውነታ

ሰው መንገድ ላይ ሲጥለው ቀድሞ የሚፈለገው ክብሪት ነው። አንዱ ይጭራል፣ ሌላው ጭሱን ወደ አፍንጫው ያስጠጋል፤ የወደቀው ሲነቃ «አየህ፣ ክብሪቱ ነው» ይባላል። ክብሪቱ ግን ምንም አልሠራም። አብዛኛው መንቀጥቀጥ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ጊዜ ይቆማል። የሚበጀው በጎኑ ማስተኛት፣ ከራሱ ሥር ነጠላም ሆነ ጃኬት ማድረግ፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተትና ሰዓት ማየት ነው፤ 5 ደቂቃ ካለፈው ሐኪም ቤት ይወሰድ። ከአፉ የሚወጣው አረፋም በሽታ አያስተላልፍም።

የክብሪቱ ነገር አደባባይ ላይ የሚታይ ነውና ማረሙ አይከብድም። ይበልጥ የሚጎዳው ቤት ውስጥ፣ በክኒኑ ዙሪያ የሚወራው ነው።

«መድኃኒቱ ያደነዝዛል፣ ቢቀርብህ ይሻላል።» የዚህ ግማሹ እውነት ነው። በጤና ጣቢያዎቻችን በብዛት የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ርካሽ መድኃኒት ነው፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ማሰኘቱ አይካድም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበረታል፣ ብዙውን ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል፤ ካልቀለለ ሐኪሙ መጠኑን ያስተካክላል ወይም በሌላ ይቀይረዋል። ፌኒቶይን ድድ ሊያሳብጥ ይችላል፤ ጥርስን በደንብ ማጽዳት ይረዳል። ካርባማዘፒን ያዞራል፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ሊያሳይም ይችላል። በተለይ አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ሽፍታ ከትኩሳትና ከአፍ ቁስል ጋር ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን መታየት ያስፈልጋል። ውሸቱ «ቢቀርብህ ይሻላል» የሚለው ነው። መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ አንዱ መንቀጥቀጥ ሳያባራ ሌላው ሊከተል ይችላል፤ ይህ ሕይወት ይቀጥፋል።

«ጸበል የገባ ሰው ክኒን አይውጥም» የሚሉም አሉ። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲናገሩ ከጸበሉ ጋር አብሮ እንዲወሰድ በይፋ መክረዋል፤ ይህ ምክር ለሚጥል በሽታ ክኒን የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። ጾሙም ሰበብ አይሆንም፤ ፌኖባርቢታል አብዛኛውን ጊዜ ማታ አንዴ ነው የሚወሰደው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን «ጭንቀቱ የመንፈስ ድካም ነው» የሚለው ነው። ከሰል ምድጃ አጠገብ ቡና እያፈላች «ቢጥለኝስ?» የምትል ሴት ፍርሃቷ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ እሳት ላይ ወድቆ መቃጠል የዚህ በሽታ የታወቀ ጉዳት ነው። ምድጃውን ከፍ ማድረግ፣ ዙሪያውን መከለል፣ ሲያስፈልግም ቡናውን ሌላ ሰው እንዲያፈላው ማድረግ ከ«አይዞሽ» በላይ ይጠቅማታል። አንዳንዱ ጭንቀት ደግሞ በሽታው ራሱ ነው። ከሆድ ተነሥቶ ድንገት የሚወጣ፣ በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነት የሆነ፣ በአንድ ሁለት ደቂቃ የሚያልፍ ፍርሃት ከአንጎል የሚነሣ ምልክት ሊሆን ይችላል። ክኒኑም የሚያመጣው አለ፤ ሌቬቲራሴታም አንዳንዱን ሰው ቁጡና ሆደ ባሻ ያደርገዋል፣ ፌኖባርቢታልም ስሜትን ሊያጨልም ይችላል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ውሎ ማደር የለበትም፤ በዚያው ዕለት ለቤተሰብም ለሐኪምም ይነገር።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው የጭንቀት መድኃኒት ጨርሶ አይወስድም የሚባለውም ስሕተት ነው። ሐኪም ሌሎቹን መድኃኒቶች አይቶ እንደ ሰርትራሊን ያሉትን ያዝዛል። ከጎረቤት ተቀብሎ የሚዋጥ ዲያዜፓም ግን አደገኛ ነው፤ ሰውነት ይለምደውና ሲቋረጥ መንቀጥቀጡን ይጠራዋል። ጫት እንቅልፍ ይነሣል፤ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ጭንቀቱንም መውደቁንም ያባብሳል።

ሴቶች አንድ የሚጠይቁት ነገር አለ። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዘፒን የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንና ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን ያዳክማሉ፤ ቫልፕሮኤት ፅንስ ይጎዳል። ስለዚህ እርግዝና ከመታሰቡ በፊት ሐኪም ማማከር ይገባል፤ ያረገዘችም በራሷ ፈቃድ መድኃኒቷን ማቆም የለባትም።

ቀጠሮ ስትሄዱ የወደቃችሁበትን ቀን፣ የዘለላችሁትን ክኒን፣ ያልተኛችሁበትን ሌሊት በደብተር ጽፋችሁ ያዙ። የሐኪሙ ጊዜ አጭር ነውና ጭንቀቱን በር ላይ ስትደርሱ ሳይሆን ገና ስትቀመጡ ተናገሩ።