ሐሰተኛ ገንዘብ በሚዛን ይጋለጣል



አንድ ገበሬ ቡናውን ለቅሞ፣ አድርቆ ሸጠ እንበል። የተቀበለው ገንዘብ ሐሰተኛ ቢሆንስ? የዓመት ልፋቱ ከንቱ ቀረ ማለት ነው።

ድሮ በአገራችን ማርትሬዛ የምትባል ጠገራ ብር ነበረች። ክብደቷ 28 ግራም ያህል ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲስ ገንዘብ ወጥቶ ተተካች። ሰው ሲቀበላት በንግሥቲቱ ምስል ላይ ያሉትን የጌጥ ነጥቦች ይቆጥር ነበር። ዐይን ግን ይታለላል።

እንግሊዞች ለወርቅ ገንዘባቸው ትንሽ መሣሪያ ሠሩ። እንደ ሚዛን የምትወዛወዝ የናስ ዘንግ ናት። በአንዱ ጫፏ እንደ ሚዛን ድንጋይ የሚከብድ ነገር አለ። በሌላው ጫፏ በገንዘቡ ልክ የተበጀ ጠባብ ቀዳዳ አለ። እውነተኛው ገንዘብ በቀዳዳው ይገባል፤ ጫፉም ዝቅ ይላል።

ከመዳብ የተሠራው ሐሰተኛስ? መዳብ ከወርቅ ይቀላል። ስለዚህ መጠኑ ልክ ከሆነ ክብደቱ ይጎድላል፤ ጫፉ ዝቅ አይልም። ክብደቱ እንዲሞላ ቢወፍር ደግሞ ቀዳዳው አያስገባውም። አንዱን ሲያሟላ ሌላው ያጋልጠዋል! ብርም እንዲሁ ከመዳብ ይከብዳል።

እናንተም የአንድ ብር ሳንቲም ካጠራጠራችሁ ከምታውቁት ጋር አነጻጽሩት። ዳሩና መካከሉ በቀለም ይለያያሉ፤ በአንዱ ገጹ ሚዛን አለ። አይታችሁ፣ መዝናችሁ ተቀበሉ።