ርካሹ ጉዞ ዋስ አለው?

ለበዓል እረፍት ከአዲስ አበባ ወደ መቱ ሄዳችሁ ሶር ፏፏቴን ልታዩ ነው እንበል። አንዱ አዘጋጅ 4,000 ብር በቴሌብር አስቀድማችሁ ላኩ ይላል። ሌላው 4,500 ይጠይቃል፤ ግን ከከሰረ ብሩን የሚመልስ ዋስ አለው።

እስቲ እናስላው። ከዘጠኝ ጉዞ አንዱ በኪሳራ ቀረ እንበል። በርካሹ 9 × 4,000 = 36,000 ብር ይወጣል። በውዱ የቀረው ስለሚመለስ 8 × 4,500፣ ያው 36,000! ስጋቱ ከ9 አንድ በላይ ከሆነ ውዱ ያዋጣል፤ ካነሰ ርካሹ።

ይኼ ግን አማካይ ነው። የተማሪ ኪስ በአማካይ አይኖርም፤ 4,000 ብር በአንድ ቀን ማጣት 500 ብርን ስምንቴ ከመጨመር ይከብዳል (ቢያንስ ለኔ)።

ዕድሜም ዋስትና አይሆንም። በ1841 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የእንግሊዙ ቶማስ ኩክ መስከረም 2019 ሲከስር ከ140 ሺህ በላይ ተጓዦች ከያሉበት ወደ አገራቸው መመለስ ነበረባቸው። እዚያ በረራ ያለበት ጥቅል ጉዞ ሲሸጥ በሰው 2.50 ፓውንድ ከሻጩ ካዝና ውጪ ወዳለ ፈንድ ይገባል። ገንዘባቸው የተመለሰላቸውም ከዚያ ነው።

ዕቁብ ቀድሞ የደረሰው ሰው ዋስ የሚጠራውም ለዚሁ ነው፤ ራሱን ዋስ አድርጎ ቢያቀርብ ማንም አይቀበለውም። የአዘጋጁ ደረሰኝም እንደዚያው ነው፤ መክፈላችሁን ያሳያል እንጂ ካዝናው ባዶ ሲሆን የሚከፍል ሌላ ሰው አያመጣም።