ባትሪ የሌለው ትራክተር እሳት ከየት ያመጣል?

እ.ኤ.አ. ከ1939 እስከ 1953 አሜሪካ ውስጥ የተሠራው ፋርሞል ኤች ትራክተር ማግኔቶ ካለው ያለ ባትሪ ይነሳል። እጀታውን ስታዞሩት ማግኔት ይሽከረከርና ኮይሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ካንዴላው ላይ ብልጭታ የሚወጣው ግን መቼ ይመስላችኋል? ፖይንት የሚባሉት ሁለት ትንንሽ የብረት ጫፎች ሲገናኙ? አይደለም፤ ሲለያዩ ነው! ጅረቱ ድንገት ሲቋረጥ የኮይሉ መግነጢሳዊ መስክ በቅጽበት ይጠፋል፤ ያኔ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይፈጠራል።

ስለዚህ ብልጭታ ከጠፋ መጀመሪያ ፖይንቱን እዩ። ዘይት ወይም ዝገት ከያዘው ጅረት አያሳልፍምና አጽዱት። ከተበላ ቀይሩት፤ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ክፍተቱ 0.33 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። አዲሱም ቶሎ ከተቃጠለስ? ኮንደንሰሩን ጠርጥሩ። እሱ ሲበላሽ፣ ለካንዴላው የታሰበው እሳት ፖይንቱ ላይ ያልቃል።