ክብደት ማንን ያድናል?

«ትልቅ መኪና ከትንሽ ይልቅ ያድናል ወይ?» ስባል «ማንን?» ብዬ እመልሳለሁ።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዙ፣ አንዱ 2,000 ሌላው 1,000 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ መኪኖች ፊት ለፊት ተላትመው ተጣብቀው ቀሩ እንበል። በሞመንተም ጥበቃ ሕግ መሠረት ሁለቱም ከባዱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ በ17 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ይገፋሉ። ስለዚህ የከባዱ ፍጥነት በ33፣ ወደ ኋላ የሚመለሰው የቀላሉ ግን በ67 ይለወጣል። አካልን የሚሰብረው ይህ ቅጽበታዊ ለውጥ ነው።

በ2009 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት ኢንሹራንስ ተቋም ስማርት ፎርቱን ከመርሴዲስ ሲ-ክላስ፣ ሆንዳ ፊትን ከአኮርድ፣ ቶዮታ ያሪስን ከካምሪ ጋር በ64 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አላተመ። ትናንሾቹ ቀድሞ በቋሚ መሰናክል ፈተና «ጥሩ» የተባሉ ነበሩ፤ በዚህኛው ሦስቱም «ደካማ» ተባሉ።

ነገር ግን ክብደትንና ርዝመትን መለየት ያሻል። ረጅም የመኪና አፍንጫ እየተጨማደደ የመቆሚያውን ጊዜ ያራዝማል፤ ይህም ለሌላውም ይጠቅማል። ክብደት ግን ለባለቤቱ የሚሰጠውን ከተጋጪው ይወስዳል። ከግንብ ጋር ሲላተምማ የሚሰጠው የለም፤ መዋጥ ያለበትን ጉልበት ያበዛል እንጂ። እግረኛው ደግሞ በትንሿም መኪና ፊት ኢምንት ነው፤ ለእርሱ ይበልጥ የሚለየው ቅርጹ ነው። ከፍ ያለና ቀጥ ያለ የፊት ገጽ እግሩን ብቻ ሳይሆን ደረቱን፣ ሕፃን ከሆነም ራሱን ይመታል።