ጥንዶቹን ከመስቀል በኋላ አገናኛለሁ

ጠዋት የስፌት መኪናዬን ከመንካቴ በፊት ማማው ላይ እወጣለሁ። ሱቄ ቡኢ ላይ፣ ከአዲስ አበባ በጢያ አድርጎ ወደ ቡታጅራ በሚዘልቀው አስፋልት ዳር ነው። ከጀርባው በእንጨት ቋሚ ላይ በሠራሁት በዚህ ማማ ውስጥ ተገልባጭ እርግቦች አረባለሁ። በሩን ስከፍትላቸው በባዶ ሆዳቸው ይወጣሉ፤ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ከፍ ብለው ይዞራሉ። ከዚያ አንዱ ድንገት ክንፉን ያጨበጭብና ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ደግሞ ይገለበጣል፤ ደግሞ። የጎበዙ አገለባበጥ ፈጣን ስለሆነ ራስና ጭራው አይለይም፤ እየተሽከረከረ የሚወርድ የጥጥ ኳስ ይመስላል። ጥቂት ሜትሮች ከወረደ በኋላ ቀጥ ይልና ወደ ጓደኞቹ ይመለሳል። እኔ የማየው ያን መመለሱን ነው።

እርግብን የለመድኩት መርካቶ ነው። እንደ ብዙ የአገሬ ልጆች በልጅነቴ ወደዚያ ሄጄ ከአጎቴ ዘንድ ልብስ ስፌት ተማርኩ። ጎረቤታችን ጣሪያው ላይ እርግብ ያረባ ነበር፤ ምሳ ሰዓቴን ሁሉ እዚያ ጨረስኩት። ወደ ቡኢ ስመለስ አንድ ሻንጣና ጎኑ የተበሳሳ ካርቶን ይዤ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ጥንድ ነበሩ፤ አውቶቡሱ ውስጥ እስከ ቡኢ ድረስ ጉልበቴ ላይ አድርጌ መጣሁ።

በመጀመሪያው ዓመት ያደረግኩት ስሕተት ማንም ጀማሪ የሚያደርገው ነው። ከሁሉ ይበልጥ ረጅም የሚገለበጠውን ወንድ ከሁሉ ይበልጥ ረጅም ከምትገለበጠው ሴት ጋር አጣመርኩ። ጫጩቶቹ ወፍራምና ጤነኛ ሆነው አደጉ። በአምስተኛ ወራቸው ግን አንደኛው መገልበጥ ጀመረ፤ መቆም አልቻለም። የጎረቤቴ ቆርቆሮ ላይ ሲወድቅ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

መገልበጥ ከደም የሚመጣ እንጂ ከወላጅ የሚቀሰም ትምህርት አይደለም። የተገልባጭን እንቁላል ተራ እርግብ ብታቅፈውና ብታሳድገው፣ ጫጩቱ ጊዜው ሲደርስ ይገለበጣል። ስለዚህ ጥንድ ስትመርጥ የምታወርሰውን እየመረጥክ ነው። ቻርልስ ዳርዊን ራሱ እርግብ ያረባ ነበር፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1859 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይም ስለ እርግብ ዝርያዎች በሰፊው ጽፏል። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አጭር ምንቃር ያላቸውን ተገልባጮች ያነሳል። አርቢዎች ለመልክ ብለው ምንቃሩን ሲያሳጥሩት፣ ብዙው ጫጩት እንቁላሉን ሰብሮ መውጣት አቅቶት ውስጥ እንደሚሞትና አርቢዎቹ በእጃቸው ቅርፊቱን እየሰበሩ እንደሚያወጡት ይናገራል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ቆርቆሮው ላይ የወደቀው ጫጩት ሞት በእኔ ምርጫ የመጣ መሆኑን ተቀብያለሁ። ዛሬ አንድን ወፍ ዓመት ሙሉ ሰማይ ላይ ሳላየው አላጣምረውም። ተገልብጦ የማይመለስ፣ ለማረፍ ሲቃረብም የሚገለበጥ ከሆነ፣ ላባው ምንም ያህል ቢያምር ዘር አይሰጠኝም።

ሐምሌና ነሐሴን ወንዱንና ሴቱን ለያይቼ አሳልፋለሁ። የቡኢ ክረምት እርጥብ ነው፤ እርጥበት ደግሞ ለጫጩት ጠላት ነው። መስቀል ሲያልፍ ወንዱንና ሴቷን በመካከላቸው ወንፊት ሽቦ ባለበት ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። ወንዱ አንገቱን ነፍቶ እያንጎራጎረ ሲዞር፣ እሷም አንገቷን ዝቅ ከፍ አድርጋ ስትመልስለት ሽቦውን አነሳለሁ። አሥር ቀን ገደማ ሲሆን አመሻሽ ላይ የመጀመሪያው እንቁላል ይጣላል፤ ሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ይከተላል። ከሁለት አይበልጥም። ከረፋድ እስከ ከሰዓት ድረስ ወንዱ ያቅፋል፤ ሌሊቱ የእሷ ነው። በሳምንቱ እንቁላሉን በስልክ መብራት አየዋለሁ፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀይ ደም ሥር ካለ ነፍስ አለበት። ከታቀፈ በ18ኛው ቀን ገደማ ይፈለፈላል።

የጎረቤት ልጅ አለ፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ሱቄ ወርውሮ ማማው ላይ ይወጣል። የመጀመሪያውን ጫጩት ሲያይ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ታሞ ነው እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የእርግብ ጫጩት እንደ ዶሮ ጫጩት አያምርም። ዓይኑ የተዘጋ ነው፤ ራሱን መሸከም አይችልም፤ ሰውነቱም ሳሳ ባለ ቢጫ ፀጉር ተሸፍኗል። ጥሬ አንስቶ መብላትም አይችልም።

የሚያሳድገው ወተት ነው። ወላጆቹ ጥሬ የሚያጠራቅሙበት፣ ከጉሮሮ በታች ያለ ከረጢት አላቸው። ጫጩቱ ሊፈለፈል ሁለት ቀን ገደማ ሲቀረው የከረጢቱ ውስጠኛ ሽፋን ይወፍርና እየተቀረፈ እንደ አይብ ያለ ነገር ይሆናል፤ ፕሮቲንና ስብ የበዛበት ነው። የሚያስገርመኝ አባትየውም እኩል ማጥባቱ ነው። ይህን የሚያዘው ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን ነው፤ በሰው ልጅ እናት ጡት ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ያው ሆርሞን። ተመራማሪዎች በአውሮፓውያኑ 1930ዎቹ ሆርሞኑን ለይተው ሲያጠኑትም የተጠቀሙት በእርግብ የጉሮሮ ከረጢት ነበር። በዚህ ወተት የጫጩቱ ክብደት በሁለት ቀን ውስጥ እጥፍ ይሆናል። በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ዓይኑ ይገለጣል፤ የራሰ ጥሬም ከወተቱ ጋር መቀላቀል ይጀምራል። ወላጆቹን የምመግበው ስንዴ፣ ማሽላ፣ ከከካሁት በቆሎ ጋር ነው፤ ጫጩት ሲኖር አተርና ሽምብራ እጨምራለሁ። ጠጠር፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊትና ጨው ከአጠገባቸው አይጠፋም።

ወተቱ ግን በሽታም ያሻግራል። በሁለተኛው ዓመት ሁለት ጫጩቶች ከስተው መብላት ተዉ፤ አፋቸውን ስከፍት ጉሮሯቸው ላይ ቢጫ አይብ የመሰለ ነገር ተለጥፏል። የቀረ ምግብ መስሎኝ በእንጨት ልፋቀው ሞከርኩ፤ ደሙ አልቆም አለ፤ ሁለቱም ሞቱ። በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ነው። ወላጅየው ጤነኛ መስሎ በጉሮሮው ይዞት ይኖራል፤ ለልጁ በወተቱ፣ ለጓደኛው በመጠጫ ውኃ ያስተላልፈዋል። ከመፋቅ ይልቅ ቶሎ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ይሻላል፤ መድኃኒት አለው። ከዚያ ወዲህ ውኃውን በቀን ሁለት ጊዜ እቀይራለሁ። መጠጫውም ክዳን አለው፤ ጣሪያችን ላይ የሚውሉት፣ ዓይናቸው ዙሪያ ቀይ የሆነው የዱር እርግቦች ከእኔዎቹ ጋር እንዳይጠጡ ነው። አዲስ የተገዛ እርግብም አንድ ወር ለብቻው ሳይቆይ ከመንጋው አይቀላቀልም።

ስለ ጎጆም ልናገር፤ ይህ የሙያዬ ጣጣ ነው። እርግቦቹ ከሱቄ ደጅ የወዳደቀ ክር እየለቀሙ ጎጆ ሠሩ። አንድ ቀን ጫጩት ሳነሳ እግሩ በጥቁር ክር ተተብትቦ አንድ ጣቱ ደርቆ አገኘሁት። በመቀሴ ጫፍ ፈታሁለት፤ ጣቱ ግን ወደቀ። አሁን የሱቁን ወለል ማታ ማታ ጠርጌ ክሩን አቃጥላለሁ፤ ለእነሱ ቀጫጭን ጭራሮ አቀርባለሁ። ጎጆው ስንዝር ስፋት ያለው የሸክላ ወጪት ነው። ልሙጥ ጣውላ ላይ ያደገ ጫጩት እግሩ ይንሸራተትና ግራና ቀኝ ተንሻፎ ይቀራል፤ ወጪቱ ውስጥ ግን እግሩን ከሥሩ ሰብስቦ ጭራሮውን ይቆነጥጣል።

ዘንድሮ ማማው ላይ ሦስት ጥንዶች አቅፈዋል፤ አንደኛው ጥንድ ፈልፍሏል። ነገ ለጫጩቶቹ ሰባተኛ ቀናቸው ነው፤ ቀለበት እናስገባላቸዋለን። ሦስቱን የፊት ጣቶች አንድ ላይ አሹሎ፣ ቀለበቱን እስከ ቅልጥሙ አሳልፎ፣ የኋለኛውን ጣት ቀስ አድርጎ መሳብ ነው። አንድ ቀን ካለፈ እግሩ ይወፍራል፤ አንድ ቀን ከቀደመ ቀለበቱ ይወልቃል። ዘንድሮ የሚያስገባው ልጁ ነው። እጁን ታጥቦ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።