ከኦኮንኮ እስከ ኦቢ፤ የቺኑዋ አቼቤ ሦስት መጻሕፍት

በሌጎስ ከተማ አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ከችሎት ፊት ቆሟል። ክሱ 20 ፓውንድ ጉቦ ተቀብለሃል የሚል ነው። ዳኛው፥ ይህን ያህል የተማረና ብዙ ተስፋ የተጣለበት ሰው እንዴት እንዲህ ሊያደርግ እንደ ቻለ ከቶ እንዳልገባቸው ሲናገሩ፥ እስከዚያች ሰዓት ፊቱን እንደ ድንጋይ አጽንቶ የቆየው ወጣት ዕንባው መጣ። ውድ አንባቢዎች፥ መጽሐፉ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ የቀረው ገጽ ሁሉ ለዳኛው የተሰጠ መልስ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ወጣቱ ኦቢ ኦኮንኮ ይባላል። ደራሲው በ1930 ተወልዶ በ2013 ያረፈው ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አቼቤ በራዲዮ ድርጅት እየሠራ ሦስት ልብ ወለድ አከታትሎ አወጣ። የ1958ቱ ስሙ በአማርኛ ቢመለስ «ነገር ሲፈራርስ» ያሰኛል፤ የ1960ው «ከእንግዲህ ዕረፍት የለም»፥ የ1964ቱ «የአምላክ ቀስት» ነው። የመጀመሪያውን ብቻ አንብቦ የተወው ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ሦስቱንም አንብቡ እላለሁ፤ ያውም በታተሙበት ተራ ሳይሆን በታሪካቸው ዘመን ተራ፥ ማለት አንደኛውን፥ ሦስተኛውን፥ ከዚያ ሁለተኛውን።

በአንደኛው መጽሐፍ የኦቢ አያት ኦኮንኮ አለ። በኡሙኦፊያ መንደር በትግል የታወቀ፥ ጎተራው የሞላ ጀግና ነው። አባቱ ሰነፍና ባለ ዕዳ ስለ ነበረ፥ እርሱን እመስላለሁ ብሎ ከመፍራቱ የተነሣ ርኅራኄ ሁሉ ድክመት ይመስለዋል። ከሌላ መንደር በካሳ የመጣ ኢኬሜፉና የሚባል ልጅ ሦስት ዓመት በቤቱ አድጎ «አባቴ» ይለው ነበር። የመንደሩ አምላክ ይገደል ብሏል በተባለ ጊዜ፥ ኦኮንኮ ፈሪ እንዳይባል ብሎ ልጁን በገዛ እጁ በገጀራ መታው። የኦኮንኮ ልጅ ንዎዬ ይህን አልረሳም። ሚሲዮኖች በመጡ ጊዜ አባቱን ጥሎ ወደ እነርሱ ገባ፤ ስሙም ይስሐቅ ተባለ። ኦኮንኮ በመጨረሻ የእንግሊዞችን መልእክተኛ ገድሎ ራሱን ሰቀለ።

«የአምላክ ቀስት» ወደ ሌላ መንደርና ወደ ሌላ ቤተ ሰብ ይሻገራል፤ ዘመኑ 1920ዎቹ ነው። ኤዜኡሉ የተባለው ኩሩ ካህን የነጮቹን ነገር እንዲያይለት አንዱን ልጁን ወደ ሚሲዮን ይልካል፤ እንግሊዞች ሊሾሙት ሲጠሩት ግን እምቢ ብሎ ይታሰራል። እርሱ በእስር ሳለ የወሩ ሥርዓት ሁለት ጊዜ ስለ ታጐለ፥ ከተፈታ በኋላ የያም (በደቡብ አገራችን ቦዬ የሚባለው ሥር ነው) መከር የሚነሣበትን በዓል አላውጅም አለ። ሰብሉ በመሬት ውስጥ በሰበሰ፤ የተራበውም ሕዝብ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሸሸ። በእኔ አስተያየት ከሦስቱ በጥበብ የሚበልጠው ይህ ነው።

ለእናንተ ለተማሪዎችና ለጀማሪ የመንግሥት ሠራተኞች ግን ይበልጥ የሚቀርበው የኦቢ መጽሐፍ ነው። ኦቢ በለንደን ተማሪ ሳለ፥ ጉቦ የሚጠፋው ያረጁት ሹማምንት በዩኒቨርሲቲ ወጣቶች ሲተኩ ነው ብሎ ለተማሪዎች ማኅበር ጽሑፍ ያነበበ ሰው ነው። እስኪ እርሳስ ያዙና አብረን እናስላ። ያስተማረው የአገሩ ልጆች ማኅበር 800 ፓውንድ አበድሮት ነው። በስኮላርሺፕ ቦርድ ጸሐፊ ሆኖ ሲቀጠር ደመወዙ በወር 47 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ነው። 20ው ለማኅበሩ ዕዳ፥ 10ሩ ለወላጆቹ ይሄዳል፤ ቀሪው 17 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ነው። ከዚህ ላይ የመኪና፥ የመብራት፥ የግብር፥ የወንድም ትምህርት ቤት ክፍያ አለ። በአውቶቡስ ቢሄድ ደግሞ ማኅበሩ ራሱ ያፍርበታል! መጀመሪያ የመጡትን ጉቦ ሰጪዎች መልሷቸዋል፤ የሰበረው አንድ ትልቅ ፈተና ሳይሆን የወር መጨረሻ ነው። በመጨረሻ የተያዘበት ገንዘብም በየወሩ ለማኅበሩ ከሚከፍለው ጋር እኩል ነው።

ጉድለቱን አልሸሽግም። ኦቢ የሚወዳት ክላራ በበቂ አልተሣለችም፤ ከሰውነቷ ይልቅ መከራዋ ይታየናል። እርሷ ኦሱ ናት፤ ይህም በጥንት ለጣዖት ከተሰጡ ሰዎች የተወለደ፥ ሰው የማይጋባው ወገን ነው። ጋብቻውን የሚከለክለው ማነው? ያ አባቱን ለአዲስ ሃይማኖት የጣለው ይስሐቅ፥ ዕድሜውን በወንጌል አስተማሪነት የጨረሰው ሰው ነው። እናቱም በሕይወቴ ሳለሁ ካገባሃት ራሴን እገድላለሁ አለችው።

አቼቤ በመጀመሪያ የአያቱንና የልጅ ልጁን ታሪክ በአንድ መጽሐፍ ሊጽፍ አስቦ ኋላ ለሁለት ከፈለው፤ የመካከለኛው ሰው፥ የይስሐቅ መጽሐፍ ግን ሳይጻፍ ቀረ። ስለዚህ አንባቢው ይስሐቅን ከየገጹ ለቅሞ ማግኘት አለበት። ኦቢ እናቱ በሞተች ጊዜ ገንዘብ ላከ እንጂ ለቀብር አልሄደም። የአገሩ ሰዎች ይህን ሲያሙ፥ አንደኛው አዲስ ነገር አይደለም አለ፤ አባቱ ይስሐቅም የኦኮንኮን ሞት በሰማ ጊዜ ሊቀብረው አልሄደም ነበር።