ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ በምን ይመዘናል?

በቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ዘመን ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ሲወጣ በማግሥቱ መፀው ይተካል፤ የአየር ጠባይ ሊቃውንት ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ጊዜ በጋ ብለው ይመድቡታል። በሁለቱም ሐሳብ ወርኃ ኅዳር የመኸር እንጂ የዝናብ ወር አይደለምና፣ በዚህ ወር ከእንጦጦ ተራራ ወርዶ የአዲስ አበባውን የጉለሌ ሰፈር ቆርቆሮ የሚደበድበው ዶፍና በረዶ ያለ ወቅቱ የመጣ ይባላል። ካለፈው ይከፋል ወይስ ይሻላል ብሎ ለመፍረድ ግን፣ የቅርቡን አግዝፎ የሩቁን በሚያደበዝዘው በሰው ትዝታ ብቻ መታመን አይቻልም።

የመጀመሪያው ዳኛ የዝናብ መለኪያው ነው። ከግንብና ከዛፍ ርቆ በገላጣ ስፍራ የሚተከል አፉ ክብ የሆነ ዕቃ ሲሆን፣ ተመልካቹ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ውሃውን በጠባብ መስፈሪያ ተቀብሎ፣ ዳር ዳሩ መስታወቱን ይዞ ከፍ ስለሚል፣ ዓይኑን ከውሃው ጋር አስተካክሎ ዝቅ ያለውን መካከሉን ያነባል። የወረደው በረዶ እንደሆነም አስቀድሞ የሰፈረውን ለብ ያለ ውሃ ጨምሮ ካቀለጠው በኋላ፣ የጨመረውን ቀንሶ የቀረውን ይመዘግባል። አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ማለት ስለሆነ፣ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ50 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1,500 ሊትር፣ ማለትም ሰባት በርሜል ተኩል ያወርዳል፤ በአገራችን የሜትሮሎጂ መግለጫ ከባድ ዝናብ የሚባለውም በአንድ ቀን ከዚህ መጠን በላይ የዘነበው ነው።

ሆኖም መጠኑ ወሩን ካልጠየቀ ፍርዱ ጎዶሎ ነው። የአዲስ አበባ የብዙ ዓመታት አማካይ ለነሐሴ ከ250 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን ለኅዳር አሥር እንኳ ስለማይሞላ፣ ያው 30 ሚሊ ሜትር በነሐሴ የወሩ አንድ ዐሥረኛ ገደማ፣ በኅዳር ግን ከወሩ አማካይ ሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ባለሙያዎቹ ከአማካዩ ከመቶ 75 እስከ 125 ያለውን መደበኛ፣ ከዚያ የሚያልፈውን ከመደበኛ በላይ ይሉታል። በደረቅ ወራት ይህ ስሌት ብቻውን ያሳስታል፤ አማካዩ ጥቂት ሲሆን ማንንም የማይጎዳ ዝናብ እንኳ በመቶኛ ሲሰላ አስፈሪ ሆኖ ይታያልና፣ ሚሊ ሜትሩና መቶኛው ጎን ለጎን ሊነበቡ ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ፍጥነቱ ነው። ከእንጦጦ ወደ ቀጨኔ ሰፈር የሚወርደው ውሃ መንገዱ አጭርና ዘቅዛቃ ስለሆነ፣ በግማሽ ሰዓት የፈሰሰ 30 ሚሊ ሜትር ቦዩን አጥለቅልቆ በወንዝ ዳር ያለውን ቤት ያሰጋል፤ ሌሊቱን ሙሉ በቀስታ ቢወርድ ግን አብዛኛውን አፈሩ ይጠጣዋል። ከከተማ ውጭ በዐውድማ ላይ ግን ፍርዱ ይገለበጣል፤ የአንድ ሰዓት ዶፍ የክምሩን ላይ አርጥቦ ፀሐይ ሲወጣ ሲደርቅ፣ ሦስት ቀን ያላባራ ካፊያ ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ እህሉን በነዶው ሳለ ያበቅለዋል። ለቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ደግሞ ያልተተኮሰው ሸክላ ውሃ ከነካው ቅርጹን ስለሚያጣ፣ ጥቂቱም ብዙ ነው።

ለአብነት፣ በ1990 ዓ.ም. የመኸር ወራት፣ ኤልኒኞ የሚባለው የፓሲፊክ ውቅያኖስ ሙቀት በበረታበትና የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል በሞቀበት ጊዜ፣ ዝናቡ አጨዳ ላይ ደርሶ እህል አበላሸ፤ የዋቢ ሸበሌ ወንዝም ሞልቶ ፈሰሰ። በ2012 ዓ.ም. መኸር ይኸው ውቅያኖስ ዳግመኛ በምዕራብ ሲሞቅ የመጣው ዝናብ ከጎርፉ ሌላ ለበረሃ አንበጣ መራቢያ የሚሆን እርጥብ መሬት አዘጋጀ፤ የአንበጣው ጉዳትም ዝናቡ በዘነበበት ዕለት በየትኛውም መስፈሪያ አልታየም። ስለዚህ በየጣቢያው መዝገብ ከሚሊ ሜትሩ ጎን ዝናቡ የጀመረበትና ያባራበት ሰዓት፣ የበረዶው ውፍረት፣ ከሳምንታት በኋላም በሰብልና በቤት ላይ የታየው ጥፋት አብሮ እንዲጻፍ አጥብቄ እሻለሁ፤ ያለዚህ 1990ን ከ2012 ጋር የሚያነጻጽር ሰው የውሃውን ብዛት እንጂ የዝናቡን ክፋት አያገኝም።